ሽንሽኗ እንቆቅልሽና ባለ ስምንት ጠረጴዛው ቢሮ

በዚህች ምድር ላይ ሥራ የሚበዛባቸው ቢሮዎች ብዙ ናቸው። ሥራ ራሱ የሚፈራው ቢሮ ግን አንድ ነው፤ እሱም ሐይቅ ከተማ ውስጥ፣ ከመኪናው መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ፣ የውሃው ነፋስ የወረቀት ጫፍ በሚያርገበግብበት ቦታ ይገኛል። ስሙ አይጠራም። ሐሜት በእስላሙም ሐራም፣ በክርስቲያኑም ኃጢአት ስለሆነ፣ በሁለት ሃይማኖት የተከለከለን ነገር ዝም ማለት ይሻላል።

ቢሮው ስምንት ጠረጴዛ አለው። እዚያ የገባ ጉዳይ ተፈጽሞ ባይወጣ እንኳ ተከብሮ ይቀመጣል። አንዳንዱ ጉዳይ እዚያው አርጅቶ፣ አንዳንዱ ደግሞ ባለቤቱን ቀብሮ በጤና ይኖራል። እንዲህ ያለ እንግዳ ተቀባይ ቢሮ በወሎም ቢሆን ብርቅ ነው።

ሰሚሃ የአስረኛ ክፍል ተማሪ ናት። እናቷ ዙሌይካ በሐይቅ ገበያ ስፌት ትሸጣለች፤ ሰሚሃም እርሳስ ከመያዟ በፊት ወስፌ ጨብጣለች። ጠባይዋ ጥሩ ነው፤ አንድ ጉድለት ብቻ አለባት፤ ታስባለች።

ይህ ጉድለቷ የጸናባት በወንድሟ በሰዑድ ስልክ ምክንያት ነው። ስልኩ ላይ አንድ ጨዋታ ነበር። ባለ ሰባት ማዕዘን ንጣፎች እርስ በርሳቸው ተገጣጥመው ወለሉን ይሞሉታል፤ አንዷን ስትነኳት ትዞራለች፣ ስትዞርም የጎረቤቶቿን ጠርዝ ይዛ ትሄዳለች፤ ቀለሙ ይደበላለቃል፤ ከዚያ እንደነበረ ልመልስ ሲሉ መከራ ነው። ቀለማም ኩብ በእጁ አዟዙሮ የተናደደ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ይህኛው ግን ኩብ ሳይሆን ወለል ነው፤ ያውም መጨረሻ የሌለው ወለል።

ሰሚሃ ይህን ነገር በእጇ ልትጨብጠው ፈለገች። ስልኩ የሰዑድ ነው፤ ሰዑድ ደግሞ ባትሪውን እንደ ሙሽራ ነው የሚጠብቀው። ስለዚህ ወስፌዋን አነሳች።

ባለ ስድስት ማዕዘን ሰፍቶ መግጠም ቀላል ነው፤ ንብም ታውቅበታለች። እንደ ሰሌን ተነጥፎ ይተኛል። አንድ ማዕዘን ሲጨመርበት ግን ቁራጮቹ ቦታ ይሻማሉ፣ ይገፋፋሉ፣ በመጨረሻም እንደ ጎመን ቅጠል ጫፍ ወደ ላይና ወደ ታች ይሸነሸናሉ። የሒሳብ መምህርቷ ፈዲላ አይታ «ይህ ዓይነቱ ወለል ሃይፐርቦሊክ ይባላል» አለቻት። እናቷ አይታ «ይህ ዓይነቱ ስፌት የተበላሸ ይባላል» አለቻት።

ሰሚሃ ሁለቱንም አመስግና ቀጠለች። ቁራጮቹ እየዞሩ እንዲያያዙ ከተበላሹ ስፒከሮች ማግኔት እየፈለቀቀች፣ አክርማ በየቀለሙ እየነከረች፣ አንዲት መሃልና ዙሪያዋን ሰባት ጎረቤት ሰፋች። ስምንት ቀለም ማለት ነው። በየሁለቱ ጎረቤት መካከል ያለችው ጠርዝ ግማሿ ያንዱን ቀለም፣ ግማሿ የሌላውን ለብሳለች። በዚህ ወለል ላይ ማንም ብቻውን አይዞርም። ዞር ያለ ሁሉ ጎረቤቱን ያናውጣል።

ቅዳሜ ደሴ ላይ የተማሪዎች የፈጠራ ውድድር ነበር። እዚያ ያለፈ ክረምቱን ሙሉ ኮምፒውተር ያለበት ስልጠና ይገባል፤ ሰሚሃም ወለሏን በስምንት ቀለም ሳይሆን በሺህ መንደፍ የምትችለው እዚያ ብቻ ነው። ለውድድሩ ደግሞ የሚፈለግባት አንድ ነገር ነው፤ የዚያ ቢሮ ማህተም።

ሰኞ ጧት መዝገብ ቤት ቀረበች። ወይዘሮ እናትነሽ መነጽራቸውን አወረዱ።

«ምንድን ነው እሱ? ጎመን ነው?»

«እንቆቅልሽ ነው እትዬ። ራሴ ነኝ የሠራሁት።»

«አስተኚዋ ታዲያ። እንዲህ ተኮፍሶ መዝገብ ቤት የሚገባ ነገር የለም።»

«አይተኛም።»

«ሁሉም ነገር ይተኛል የኔ ልጅ። ክብደት ነው የሚያጣው።»

ወይዘሮ እናትነሽ ያምናውን ሪፖርት አምጥተው ጫኑበት። በቀኝ በኩል ተኛ፤ በግራ ተነሳ። በግራ የካቻምናውን ጫኑበት፤ በፊት ለፊት ተነሳ። በዚህ ጊዜ ተቆጥተው የአምስት ዓመቱን ስትራቴጂክ ዕቅድ መሃሉ ላይ ደፉበት። እንቆቅልሹ ትንሽ ትንፋሽ የወሰደ መሰለ፤ ከዚያ እንደ ዓሣ ተወራጭቶ ዕቅዱን መሬት ላይ ጣለው። የአምስት ዓመቱ ስትራቴጂክ ዕቅድ ከጸደቀ ወዲህ የተንቀሳቀሰው ያን ቀን ብቻ ነው።

ድምፁን ሰምተው የቢሮው ኃላፊ አቶ ሽታው ወጡ። አቶ ሽታው ንግግር ሲጀምሩ ግራ እጃቸውን ኪሳቸው ይከታሉ፤ ሲጨርሱ ያወጣሉ። ግራ እጃቸውን ያየ ሰው ጥቂት ነው።

«ይህ ነገር ለማኅበረሰባችን ምን ጠቀሜታ ያበረክታል?»

ሰሚሃ መሃሏን አንድ ጊዜ አዞረችው። ቀጭ! ሰባቱም ጎረቤቶች ጠርዛቸውን አስረክበው የሌላ ተቀበሉ። ከዚያ የዕቅድ ክፍሉ አቶ ሙሐዲን እጃቸውን ዘርግተው «እስቲ!» አሉ።

ይህች «እስቲ» የምትባል ቃል ስንት አገር እንዳጠፋች የጻፈ የታሪክ ምሁር እስካሁን የለም። አቶ ሙሐዲን አዞሩ። የኮሙኒኬሽኗ ሰርካለም አዞረች። ወይዘሮ እናትነሽ «እኔ እንኳ አልነካም» እያሉ አዞሩ። ዘበኛውም በመስኮት እጁን አስገብቶ አዞረ። ሲጨርሱ ቀለሙ ዝናብ የበተነው ጉልት መስሎ ነበር።

«ይስጡኝ ጋሼ» አለች ሰሚሃ፣ «ሻይዎን ሳይጨርሱ እመልሰዋለሁ።»

አቶ ሽታው ግራ እጃቸውን ከተቱ።

«ልጄ፣ ይህ ንብረት በቢሮው እጅ ሳለ ተደበላልቋል። ቢሮው እንደተረከበው ማስረከብ ግዴታው ነው። ደግሞስ ባለጉዳይ የራሱን ጉዳይ ራሱ ከፈጸመ፣ ቢሮ ምን ይሠራል?»

ጥያቄው ከባድ ስለነበር ለኮሚቴ ተመራ።

ማክሰኞ «የሽንሽኗ እንቆቅልሽ መልሶ ማቋቋም ዐቢይ ኮሚቴ» ተመሠረተ። ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ አንድ ቀለም ተሰጠ፤ ቀይ ለአቶ ሙሐዲን፣ ቢጫ ለወይዘሮ እናትነሽ፣ ሰማያዊ ለሰርካለም፣ የቀሩትም ለቀሩት። መሃለኛው ነጭ፣ ሁሉንም ስለሚነካ፣ ለአቶ ሽታው ሆነ። ምሳ ቆሮሶ የሚባለው የሐይቁ ዓሣ ጥብስ ታዘዘ፤ ኮሚቴ በባዶ ሆዱ ቀለም አይለይምና።

ሰሚሃ በሩ አጠገብ ያለው አግዳሚ ላይ ተቀምጣ እጇን እጇን ይበላታል።

«ቀይ መቶ በመቶ!» ብለው አቶ ሙሐዲን ዘይት በነካው ጣታቸው እንቆቅልሹን ከፍ አደረጉ። ሰርካለም ፎቶ አነሳችና ወዲያው ለጠፈችው። እሷ እየለጠፈች ሳለ ወይዘሮ እናትነሽ ቀጭ አደረጉት።

«አንቺ እናትነሽ! ቀዬን ነካሽብኝ እኮ!»

«ቢጫዬ አንተ ጓሮ ምን ትሠራለች? እሷን ልወስድ ነው።»

«ወላሂ እኔ አላመጣኋት! ራሷ ናት የመጣችው!»

«ራሷ? እግር አውጥታ?»

«ኧረ አቦ፣ ቆይ! ግማሿ ቢጫ ከሆነች ግማሿ ቀይ ናት። የጋራ ናት!»

«የጋራ ከሆነች እኔ ጋ ትደር።»

ወይዘሮ እናትነሽ ቢጫን ጨረሱና መቶ በመቶ ብለው ሪፖርት አደረጉ። ሰርካለም ቢጫን በትና ሰማያዊን ጨረሰች፤ ራሷ ሪፖርት አድርጋ ራሷን ፎቶ አነሳች። በመጨረሻ አቶ ሽታው ነጩን አንድ ጊዜ ብቻ አዞሩ፤ የሰባቱም ድካም አብሮ ዞረ። ሁሉም አጨበጨበ፤ ኃላፊ ሲያዞር ይጨበጨባልና።

ማታ የስምንቱ ጠረጴዛ ሪፖርት ሲደመር አፈጻጸሙ ስምንት መቶ በመቶ ሆነ። እንዲህ ያለ ውጤት በዞኑ ታይቶ አይታወቅም። እንቆቅልሹ ብቻ ወሬው አልደረሰውም ነበር፤ እንደተደበላለቀ ነው።

ሰሚሃ አላስቻላትም። ከአግዳሚው ተነስታ ገባች።

«እትዬ እናትነሽ፣ ቢጫን ለማስተካከል መጀመሪያ ቢጫን ትንሽ ማበላሸት ነው ያለው። ይህችን ያዞራሉ፣ ያችን ያዞራሉ፤ ከዚያ ይህችን ይመልሳሉ፣ ያችን ይመልሳሉ። ሦስት ጠርዞች ብቻ ቦታ ይቀያየራሉ። የቀረው ሁሉ እንደነበረ ይመለሳል።»

ወይዘሮ እናትነሽ ደረታቸውን ያዙ። «የኔ ቢጫ ትበላሽ?»

«ለትንሽ ጊዜ ብቻ።»

«እኔ በሕይወት ቁጭ ብዬ?»

«የሌላ ሰው ቀለም ይቅደም» አሉ አቶ ሙሐዲን። በዚህ ሐሳብ ስምንቱም ተስማሙ። መስዋዕትነት አስፈላጊ መሆኑን፣ ነገር ግን በጎረቤት መጀመር እንዳለበት፣ በሙሉ ድምፅ ተወሰነ።

ረቡዕ ቀይና ቢጫ መነጋገር አቆሙ። ወሎ ደግሞ ሰው ተኳርፎ የሚያድርበት አገር አይደለምና ሼህ ኑርዬ ተጠሩ። ሼህ ኑርዬ ስንት የድንበር ጠብ፣ ስንት የጋብቻ ቅሬታ በምርቃት የፈቱ ሽማግሌ ናቸው። ሙስበሃቸውን እየቆጠሩ ገቡ።

«ማነው የበደለ?»

«ቢጫ!» አሉ አቶ ሙሐዲን።

«ቢጫ የት አለች? ትምጣ።»

«እኔ ነኝ አባቴ» አሉ ወይዘሮ እናትነሽ፣ ነጠላቸውን እያስተካከሉ።

ሼህ ኑርዬ አንድ ጊዜ ወይዘሮዋን፣ አንድ ጊዜ እንቆቅልሹን፣ አንድ ጊዜ ደግሞ የገቡበትን በር አዩ። ቢሆንም ልምድ ያለው ሽማግሌ አይደናገጥም። ሁለቱን አስታረቁ፣ ትከሻ አሳሳሙ፣ ዱዓ አደረጉ፤ እስላሙም አሚን አለ፣ ክርስቲያኑም አሜን አለ። ከዚያ «በረከት ይግባበት፣ አምጡት» ብለው እንቆቅልሹን ተቀበሉ። ቀጭ። «ማሻአላህ!» አሉ። ቀጭ ቀጭ። «ደስ ሲል ግን!» ከዚያ በኋላ የአስር ሶላት እስኪደርስ ከእጃቸው የነጠቀ የለም። ሰዎቹ ታረቁ። ቀለሞቹ ግን ሽምግልና አልተቀበሉም።

ሐሙስም በስብሰባ አለፈ። ዓርብ ከሰዓት ሰሚሃ አቶ ሽታው በር ላይ ቆማ ዓይኗ ቀልቷል።

«ጋሼ፣ ነገ ነው። እንደተደበላለቀ ይስጡኝ፣ እዚያው አስተካክለዋለሁ። ማህተሙን ብቻ።»

«እንደተደበላለቀ? የመንግሥት ቢሮ የተደበላለቀ ነገር ያስረክባል?»

«ታዲያ ምን ይሁን?»

አቶ ሽታው በመስኮቱ ወደ ውሃው አዩ። ታላላቅ ሐሳቦች ሁልጊዜ የሚመጡት ከውሃ በኩል ነው፤ ትንኝም እንደዚሁ።

«ይወሰን!» አሉ ድንገት። «ከአሁን ጀምሮ ትክክለኛው አቀማመጥ ይኸው አሁን ያለው ነው። ሌላው ሁሉ ስህተት ነው።»

ስምንቱ ጠረጴዛ በእፎይታ አጨበጨበ። ስንት ቀን ሲደክሙበት የነበረው ነገር ተፈትቶ አጠገባቸው እንደነበረ ማን ያውቅ ነበር?

የቀረው ማተም ነው። ማህተም ግን ጠፍጣፋ ነገር ይፈልጋል። ስለዚህ ሁሉም የየራሱን ጫፍ ይዞ ወደ የራሱ ጎተተ፤ ይህ ለቢሮው አዲስ ሥራ ስላልሆነ አላስቸገረም። እንቆቅልሹ ተወጥሮ ሲተኛ አቶ ሽታው በማህተሙ መቱት። ጧ! «ማንም እንዳይነካካው በየመገጣጠሚያው ይሁን» ብለው ደገሙት። ጧ! ጧ! እያንዳንዱ ማህተም ግማሹ በአንዱ ቁራጭ፣ ግማሹ በሌላው ላይ አረፈ። ሲለቁት ተመልሶ ተሸነሸነ፤ ሐምራዊ ሽፍታ የወጣበት ጎመን መሰለ።

«እንግዲህ ማንም አያዞረውም» አሉ አቶ ሽታው። «አንድ ጊዜ ከዞረ ማህተም ይሰበራል። ማህተም መስበር ደግሞ ወንጀል ነው።»

«ታዲያ ደሴ ምኑን ላሳይ?»

«መረጋጋቱን አሳዪያቸው።»

ቅዳሜ ሰሚሃ በሚኒባስ፣ አቶ ሽታውና ሰርካለም በቢሮው መኪና ደሴ ገቡ። የአዳራሹ በር ላይ ያለው ጥበቃ እንቆቅልሹን አገላብጦ አየና «ይሄ ሁሉ ማህተም? ግቢ፣ ግቢ እህቴ፤ ለከንቲባም እንዲህ አይታተም» አላት።

ከዳኞቹ አንዷ ረቢያ የምትባል ሴት ነበረች። ብዙ ተማሪ አይታ ደክሟታል።

«ይሄ ምን ያደርጋል?»

«ይዞራል።»

«እስቲ አዙሪው።»

ሰሚሃ ፊተኛው ወንበር ላይ የተቀመጡትን አቶ ሽታውን አየቻቸው። እንዳትሞክሪው ብለው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ግራ እጃቸው እስከ ክንዱ ኪሳቸው ገብቷል።

«ካዞርኩት ማህተሙ ይሰበራል» አለች ቀስ ብላ።

«ካላዞርሽውስ?»

«ካላዞርኩትማ... ስፌት ነው።»

«የስፌት ድንኳን በዚያ በኩል ነው የኔ ቆንጆ» አለችና ረቢያ ወደ ቀጣዩ ተማሪ ዞረች።

ሰሚሃ ወደ ድንኳኑ አየች። ኮምፒውተር የለበትም። መሶብ ብቻ ነው ያለው፤ መሶብ ደግሞ እቤቷ ሞልቷል። «ቢስሚላህ» አለችና ቀጭ!

አቶ ሽታው ብድግ አሉ። «ማህተም!»

ከኋላ የተቀመጡት ተማሪዎች የድጋፍ ጩኸት መሰላቸው። «ማህተም! ማህተም!» እያሉ ማጨብጨብ ጀመሩ። አቶ ሽታው ሊያስቆሙ እጃቸውን ቢያነሱ ጭብጨባው ባሰ፤ ስለተጨበጨበላቸውም እጅ ነስተው ተቀመጡ። ሰው እምብዛም የማያየው ግራ እጃቸው አየር ላይ መቅረቱን ያወቁት ዘግይተው ነው።

ሰሚሃ ማንንም አልሰማችም። ይህችን አዞረች፣ ያችን አዞረች፣ ይህችን መለሰች፣ ያችን መለሰች። መጀመሪያ የባሰ የተበላሸ ይመስላል፤ ከዚያ ሦስት ጠርዞች ቤታቸው ይገባሉ። ደገመች። ቢጫ ለቀይ መንገድ ለቀቀ፣ ቀይ ለሰማያዊ ጎንበስ አለ፣ አንዱም ሪፖርት አላደረገም። ረቢያ ተመልሳ መጥታ ከጎኗ ቆማለች። የመጨረሻዋ ጠርዝ ነጩ ላይ ስትገጥም አዳራሹ በጭብጨባ ፈረሰ። ማታ ወደ ስልጠናው ያለፉ ተማሪዎች ስም ሲነበብ የሰሚሃ ሁለተኛ ነበር።

ደስታዋ ግን እስከ መኪናው ድረስ ብቻ ነበር። ቀለሞቹ ቤታቸው ገብተዋል፤ ማህተሞቹ ግን ተበጣጥሰው በስምንቱም ቀለም ላይ ተረጭተዋል። ግማሽ ክብ እዚህ፣ ሩብ ፊደል እዚያ። አቶ ሽታው «ከኛ ጋር ግቢ» ብቻ ነው ያሏት። ወደ ሐይቅ መመለስ ጀመሩ። ሬዲዮው የአምባሰል ዜማ ያንቆረቁራል፤ ሰርካለም ስልኳን አቀርቅራ ታያለች፤ ሰሚሃ በልቧ ፖሊስ ጣቢያው ከመነኸሪያው ወደ የት በኩል እንደሆነ ታስባለች።

ውሃው ብቅ ሲል አቶ ሽታው ዞረው እንቆቅልሹን ከጭኗ አነሱት። አገላብጠው አዩት።

«ሰሚሃ።»

«አቤት ጋሼ።»

«ማህተሙ አልተሰበረም።»

«አልተሰበረም?»

«ያልተማከለ ሆኗል።»

ሰኞ ማስታወቂያው ተለጠፈ። የቢሮው ማህተም እስከ ዛሬ በአንድ ጠረጴዛ ተይዞ ለብልሹ አሠራር መንገድ ሲከፍት መቆየቱ ታምኖበት፣ ከአሁን በኋላ ስምንት ቦታ ተከፍሎ ለእያንዳንዱ ጠረጴዛ የየድርሻው ተሰጥቷል። ባለጉዳይ ከስምንቱም ቁራጭ ቁራጭ እየሰበሰበ ወረቀቱ ላይ ሙሉ ማህተም ያደርጋል። ቁራጮቹ ካልገጠሙ እንደገና ይጀምራል። ዜናው ሲሰማ ከውጫሌ ሳይቀር ለልምድ ልውውጥ መጡ፤ ቆሮሶ በልተው፣ ተደንቀው ሄዱ።

በአዲሱ አሠራር የመጀመሪያው ባለጉዳይ ራሳቸው አቶ ሽታው ሆኑ። ከዚህ ሁሉ ድካም በኋላ የዓመት ፈቃድ ጠይቀው ነበር። አርአያ ለመሆን ወረፋ ያዙ። ቀይ አተመላቸው። ቢጫ ቀይን አጣርታ አተመች። ሰማያዊ ፎቶ አንስታ አተመች። እንዲህ እንዲህ እያሉ ሰባቱን ጨርሰው፣ ወረቀታቸው ላይ መሃሉ ብቻ ሲቀር፣ ወደ ነጩ ጠረጴዛ ደረሱ። ሰው የለበትም።

«ኃላፊው የሉም እንዴ?» ብለው ጠየቁ።

ወይዘሮ እናትነሽ ከመዝገባቸው ቀና ሳይሉ መለሱላቸው።

«ወጥተዋል። የራሳቸውን ጉዳይ እያስፈጸሙ ነው፤ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጠው ይጠብቋቸው።»

አቶ ሽታው አመስግነው ተቀመጡ።